አራት ምት

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም መግቢያ። በዚያ ዕለት ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አበበ አሉት። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ፈጸመ። ለዚያ ኦሊምፒክ ኦሜጋ የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ አንድ ሰዓት ሠሪ ከ30 የኪስ ክሮኖግራፎች ጋር ልኮ ነበር። አንድ ፋብሪካ የመላውን ኦሊምፒክ ሰዓት ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

የጃቶው ሕፃንና የፋብሪካው ሰዓቶች አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቁ 28 ዓመት ኖሩ። የተገናኙት በአንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። እኔ የደብረ ሲና ሰው ነኝ፤ አሮጌ የብረት ክሮኖግራፍ እወዳለሁ። ለምን እንደምወድ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን የሚያገኘው ከዚያ ምሽት ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልንገር።

በአማርኛችን ሯጭ ሲሮጥ «ሰዓት ያዙለት» ይባላል። ደስ የሚል አነጋገር ነው፤ ጊዜ እንደ በሬ ቀንዱ ተይዞ የሚቆም ያህል። ክሮኖግራፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ተራው ሰዓት ማንንም ሳይጠይቅ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ክሮኖግራፍ ግን ከመሙያው በላይና በታች ሁለት መጫኛዎች አሉት። የላይኛውን ሲጫኑት ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ ከዜሮ ይነሳል፤ ሲደግሙት ይቆማል፤ የታችኛውን ሲጫኑት ዘሎ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ራሱ መንገዱን አያቋርጥም። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «ጊዜ ጸሐፊ» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሪዩሴክ እ.ኤ.አ. በ1821 በፓሪስ የፈረስ ውድድር ላይ ያቀረበው መሣሪያ በእርግጥም በገጹ ላይ የቀለም ነጠብጣብ እያኖረ ጊዜን ይጽፍ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ መሣሪያው ከኪስ ወደ እጅ ተሸጋገረ። የስዊዘርላንዱ ፋብሪካ ብራይትሊንግ እ.ኤ.አ. በ1915 መጫኛውን ከመሙያው ለየው፤ በ1934 ደግሞ ሁለተኛውን ጨመረ። የዛሬው መልኩ ያኔ ተፈጸመ።

አብዛኞቹ የዚያ ዘመን የእጅ ክሮኖግራፎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ይመታሉ። በሰከንድ አምስት ምት ማለት ነው፤ እያንዳንዷ ምት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ናት። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ብረትስ ለምን? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አውሮፓ ገንዘብ ያለው ሰው ወርቅ ያስር ነበር። የማይዝገው ብረት የሚፈለገው ለሥራ ነው። ሐኪሙ የልብ ትርታ የሚቆጥርበት፣ መሐንዲሱ ፍጥነት የሚያሰላበት፣ አብራሪው ነዳጁን የሚገምትበት ሰዓት ብረት ነው። የመድፈኛው ሰዓት ገጽ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቴሌሜትር የሚባል መስፈሪያ ይታተም ነበር። የመድፉ ብልጭታ ሲታይ መጫኛውን ይጫኑታል፤ ድምፁ ሲሰማ ያቆሙታል፤ ቆጣሪው የቆመበት ቁጥር ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይናገራል። እኔ ይህን መስፈሪያ በክረምት ደብረ ሲና ላይ ሆኜ እሞክረዋለሁ። ከታች በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል መብረቅ ሲበርቅ እጫናለሁ፤ ነጎድጓዱ ሲደርስ አቆማለሁ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዝናቡ እየወጣ ወደኛ መምጣቱን ወይም ወደ አዋሽ መራቁን ከሰማዩ ፊት ሰዓቱ ይነግረኛል።

ስለዚህ በታላላቆቹ ፋብሪካዎች የብረት ክሮኖግራፍ ጥቂት ነበር፤ የነበረውም በሥራ አለቀ። ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1941 የጀመረውን 1518 የተባለውን ክሮኖግራፍ በጠቅላላው 281 ያህል ሠርቷል። ከእነዚህ ውስጥ የብረት መሆናቸው የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ያኔ ከወርቁ ያነሰ የነበረው ብረት ዛሬ ወርቁን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ጦር ከደሴ በብዙ መቶ ካሚዮኖች ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ጣሊያኖች በጉዞው ፍጥነት ተመኩ፤ «የብረት ፈቃድ ግስጋሴ» አሉት። ቆላውን በቀላሉ አለፉት። ጣርማ በር ሲደርሱ ግን አቀበቱ ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቃቸው። ያ ሁሉ ሞተር ከኛ ከተማ በላይ ባለው ገደል ላይ ቆሞ፣ ሰዎቹ ድንጋይ እየተሸከሙ መንገድ ሲጠግኑ ዋሉ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። በኋላ ጣሊያኖች ተራራውን ራሱን በስተው ዋሻውን ሠሩ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በደጋው ብርድ ይገባበትና በማዶ ሲወጣ ቁልቁል ደብረ ሲናን ያያል፤ ጉም ካልሸፈናት። አውቶቡሱ ሲቆም የቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። መንገደኛው ቆሎውን ይዞ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ወደ ሮቢት ሙቀት ይወርዳል።

ጦሩ ሲመጣ የጃቶው ልጅ አራተኛ ዓመቱን አልጨረሰም። ቤተሰቡ ከጦርነቱ ሸሽቶ ራቅ ወዳለችው ጎሮ ተሰደደ። ልጁ ከነጻነት በኋላ አድጎ አዲስ አበባ ገባ፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ።

እዚያ የጠበቀው ሰው ኦኒ ኒስካነን ነበር። በፊንላንድ የተወለደ ስዊድናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በስፖርት ትምህርትና በአትሌቶች ሥልጠና ላይ የቆየ። ኢትዮጵያ በሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተጓዙትን ሯጮች አበበ ሲመለሱ አያቸው። የለበሱት የቡድን ልብስ ላይ የአገራቸው ስም ተጽፏል። በልቡ የቀረው ያ ልብስ ነው ይባላል።

በዚሁ ዘመን መካከል ሌላ ሰዓት ወደ ታሪካችን ይገባል፤ ይህኛው የወርቅ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊዘርላንድም ደርሰው ነበር። በስጦታ የተቀበሉት የፓቴክ ፊሊፕ 2497 ጥቁር ገጽ አለው፤ ጀርባው ላይ ዘውድና የስማቸው ምልክት ተቀርጾበታል። ክሮኖግራፍ አይደለም። ቀንን፣ ወርንና የጨረቃን ሁኔታ የሚያሳይ፣ የፈረንጆቹ የካቲት 28 ይሁን 29 ሳይነገረው የሚያውቅ እጅግ የረቀቀ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰዓት ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል፤ ያ ሁሉ ጥበብ ያለበት ማሽን ጳጉሜንን አያውቅም። በ13 ወር ለሚኖር ሕዝብ ንጉሠ ነገሥት ተሰጥቶ፣ አሥራ ሦስተኛዋን ወር የሚያስቀምጥበት መስኮት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር የተባለውን የብረት ክሮኖግራፍ አወጣ። የተሠራው ለመኪና እሽቅድምድም ነበር። ውስጡ ያለው ሞተር ከሌማኒያ ፋብሪካ የተገኘ ነው፤ በሰከንድ አምስት ይመታል።

አሁን 1952 ዓ.ም. ደረስን። በክረምቱ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የማራቶን ማጣሪያ የክቡር ዘበኛው ወታደር የተያዘለት ሰዓት 2:21:23 ነበር። ቼኮዝሎቫክያዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2:23:03.2 ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ሰው ዛቶፔክን በአንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በለጠው ማለት ነው። ሰዓቱን የያዘ ሰው ቆጣሪውን ደግሞ ደጋግሞ ሳያየው አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

የሮም ማራቶን የተሮጠው ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ይህን ቀን ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌው ነበር። አንድ ጊዜ በኛው አቆጣጠር ሳሰላው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሆኖ አገኘሁት፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።

ውድድሩ በሮም ከቀኑ 11:30 ላይ በካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተጀመረ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1:30 ነው። አበበ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ ተነሳ። ኒስካነን እንዲጠነቀቀው የነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ራዲ የለበሰው ግን 185 ነው። አበበ የፊተኞቹን እያለፈ 26 ቁጥርን ሲፈልግ፣ የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ይሮጥ ነበር። ከውድድሩ አጋማሽ ጀምሮ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ፀሐይ ጠለቀች። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳር ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል፤ ሯጮቹ በችቦው ብርሃን መካከል ያልፋሉ።

ሰዓቱን አስቡት። በዚያው ምሽት በኢትዮጵያ በየደጁ ችቦ እየበራ ነበር፤ ለአዲስ ዓመት።

መጨረሻው ሊቃረብ ሲል በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልት ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የወሰዱት ነው፤ አክሱም ተመልሶ በቦታው እስኪቆም ገና 48 ዓመት ይቀረዋል። አበበ ራዲን ጥሎ የሄደው ከሐውልቱ ጀምሮ ነው። ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲደርስ ሰዓቱ ቆመ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። ራዲ በ25.4 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3:45 አልፎ ነበር። ጣርማ በር ላይ የቆመውን ጦር በላከው ከተማ መሐል፣ ከጦሩ የሸሸው ሕፃን ባዶ እግሩን ቆሟል።

የሮም ኦሊምፒክ ሰዓት ያዥ ኦሜጋ ነበር። የጃቶው ልጅና በተወለደ ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የነበሩት የፋብሪካው ሰዓቶች የተገናኙት እዚህ ነው። አሁን ወደ ምቷ ልመለስ። ከዚያ ምሽት በፊት በዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሰዓት የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ላይ የሮጠው 2:15:17.0 ነው። ከአበበ ጋር ያለው ልዩነት 0.8 ሰከንድ ነው። በሰከንድ አምስት ጊዜ በሚመታ ክሮኖግራፍ ብንቆጥረው አራት ምት ይሆናል። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት ሩብ በኋላ፣ አራት ምት። ሰው አይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ታልፋለች። ሰዓት ያዥ ባይኖር፣ ወይም ያዡ እጁ ቢዘገይ፣ አበበ የሮምን ወርቅ ብቻ ይዞ በተመለሰ ነበር። የዓለምን ክብረ ወሰን የሰጠችው ያቺ ብረት ናት። ብረት ክሮኖግራፍን እንደ ጌጥ የሚያይ ሰው ሲያጋጥመኝ እነዚህን አራት ምቶች እነግረዋለሁ።

አራት ዓመት አለፈ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ጃፓኖች የሰዓት ያዥነቱን ሥራ ከስዊሶች ወስደው ለራሳቸው ፋብሪካ ለሲኮ ሰጡት። ሲኮ ለዚህ ብሎ ከ1,200 በላይ የጊዜ መለኪያዎችን አዘጋጀ። ለገበያም አንድ ነገር አወጣ፤ የጃፓን የመጀመሪያው የእጅ ክሮኖግራፍ የሆነውን 5719። የብረት ነው፤ አንድ መጫኛ ብቻ አለው። ተነሥ፣ ቁም፣ ተመለስ፣ ሦስቱም በዚያችው አንድ ጣት ነው። ትንንሽ ክብ ቆጣሪዎች የሉበትም፤ ደቂቃውን የሚይዘው ሰው ራሱ በገጹ ዙሪያ የሚሽከረከረውን ቀለበት እያዞረ ነው። ብዙዎቻችን ሲኮ ሲባል የምናስታውሰው በአባቶቻችን እጅ ያየነውን ሲኮ ፋይቭ ነው። ሰብሳቢ ግን ይህችን አንድ መጫኛ ያላትን ያድናል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቶኪዮ ላይ ሊሮጥ ሲቆም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ነበር። ጫማ አድርጓል፤ ቁጥሩ 17 ነው። ግማሹን ካለፈ በኋላ ከጎኑ ሰው አልነበረም። ስታዲየም ገብቶ ክሩን በጠሰ፤ ከዚያም ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ እየወረወረ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። 70 ሺህ ሰው የሚያክል ተመልካች ሁለተኛውን ሲጠብቅ የሚያየው እሱን ነው። ሰዓቱ 2:12:11.2፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ የመጣው ከአራት ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ምት መቁጠር አላስፈለገም።

ከሮም ይልቅ ቶኪዮ ለሰዓት ታሪክ የሚከብድበት ምክንያት ሌላ ነው። ሲኮ ለረጅም ርቀት ውድድሮች ያሰለፈው መሣሪያ በጥርስና በሞላ የሚሄድ አልነበረም። ኪውሲ 951 የተባለ፣ በሁለት ድንጋይ ባትሪ የሚሠራ፣ ሰው ተሸክሞት የሚንቀሳቀስ የኳርትዝ ሰዓት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የኳርትዝ ሰዓት ቁም ሳጥን ያህል ነበር። በቶኪዮ ጎዳና ከማራቶኑ ጋር የሄደችው ሣጥን ሌላ አምስት ዓመት ሲሰጧት ሰው እጅ ላይ ልትታሰር ነው። በሮም ለአበበ የመሰከረለት የሚመታው ብረት፣ በቶኪዮ በአበበ ሩጫ ፊት ተተኪውን አየ።

ንጉሠ ነገሥቱ አበበን ከቶኪዮ መልስ መቶ አለቃ አድርገው፣ ቤትና አንዲት ቮልስዋገን ሸለሙት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት እየዘለልኩ 1961 ዓ.ም. ላይ እቆማለሁ። በሰዓት ታሪክም በኛም ታሪክ ያቺን ዓመት የምታህል የለችም። የፈረንጆቹ 1969 ጥር ላይ የስዊዘርላንዱ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮን አስታወቀ፤ ሳይሞሉት እጅ በመንቀሳቀሱ ብቻ ራሱን የሚሞላ ክሮኖግራፍ። መጋቢት ሲገባ ሆየርና ብራይትሊንግ ከአጋሮቻቸው ጋር የራሳቸውን አወጡ። ሲኮም ተከተለ። የብረት ክሮኖግራፍ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ይህ ነው።

በዚያው ወር፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት፣ አበበ በቮልሱ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ የኛ መንገድ ነው፤ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና የሚደርሰው። ሸኖ አጠገብ መኪናው ተገለበጠ። ሌሊቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተይዞ ቆይቶ ጠዋት ተገኘ። ከዚያ ቀን በኋላ አበበ በእግሩ አልቆመም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ሲታከም ሐምሌ መጣ፤ ሁለት ሰዎች ጨረቃ ላይ ወጡ። ከሁለቱ አንዱ፣ ኦልድሪን፣ በጨረቃ ላይ ያሰረው ስፒድማስተር ነው፤ ለእሽቅድምድም የተሠራው የብረት ክሮኖግራፍ፣ ያው በሰከንድ አምስት የሚመታው። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ሲኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የቶኪዮዋ ሣጥን እጅ ላይ ወጣች።

ሸኖን ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ እመለከታለሁ። ሜዳ ነው፤ ነፋስ አለ። ምንም የሚታይ ነገር ባይኖርም አለማየት አልችልም።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። የብረት ክሮኖግራፍም በዚያው ሰሞን መሞት ጀመረ። የዘመናት ልምድ ያለው የስዊዘርላንድ ሙያ በጥቂት ዓመታት ተሽመደመደ፤ በዘርፉ የነበሩት 90 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ከ15 ዓመት በኋላ ወደ 30 ሺህ ወረዱ። የዜኒት ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ1975 የሚመታው ሰዓት ሥራ እንዲቆምና መሣሪያዎቹ በብረትነታቸው እንዲሸጡ አዘዙ። ሻርል ቬርሞ የተባለው ሠራተኛ ትእዛዙን አልፈጸመም። መቁረጫዎቹንና ማተሚያዎቹን እየደበቀ ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ሥር አወጣ፤ የእያንዳንዱን አገልግሎት በመዝገብ ጻፈ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ኤል ፕሪሜሮ እንደገና ሲፈለግ የተሠራው በእነዚያ መሣሪያዎች ነው፤ ሮሌክስም ዴይቶና ለተባለው ክሮኖግራፉ ያንኑ ሞተር ወሰደ። ከሰዓት ሠሪዎች ሁሉ አንድ ሰው አግኝቼ ላመስግን ብባል እሱን እመርጥ ነበር።

ሰው የጣለውን ሰብሳቢ ማንሳት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ መልኩን ፈለጉ፤ ቀጥለው ብርቅነቱን፤ በመጨረሻም «ማን አሰረው?» ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 2017 ኒው ዮርክ ላይ የተዋናዩ የፖል ኒውማን የብረት ሮሌክስ ዴይቶና በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጀርባው ላይ ሚስቱ ተጠንቅቆ እንዲነዳ ያስጻፈችለት ቃል አለ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ጄኔቭ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በ2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ሄደ። ይህ ሰዓት ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2015 ለጨረታ ቀርቦ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጥያቄ ስላነሳ ከጨረታው ወጥቶ ነበር። የንጉሠ ነገሥት ወርቅ የአንድ ተዋናይን ብረት አንድ ስድስተኛ እንኳ አለማከሉ አይከፋኝም። የሚከፋኝ የኛ ሰዓት ታሪኩ የተነገረው በጨረታ መዶሻ ሥር መሆኑ ነው። የዚያን ሰዓት ጀርባ ያየነው በሰው አገር የሽያጭ መጽሔት ፎቶግራፍ ላይ ነው።

ባለፉት ዓመታት እኔም በአቅሜ ጥቂት ሰዓቶች ገዝቼአለሁ። ልምዴን ላካፍል። አሮጌ ብረት ሰዓት አታስወልውሉ። ፋብሪካው ያወጣለት ስለታም ጠርዝ በሞርድና በመወልወያ አንዴ ከተበላ አይመለስም፤ ጭረቱ የባለቤቱ ዕድሜ ነው። ገጹ የደበዘዘም ቢሆን አዲስ ቀለም አታስቀቡት። ጀርባው ላይ የተቀረጸ ስም ወይም አርማ ስታዩ ወዲያው አትመኑ፤ መቅረጽ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሎንጂንን የመሰለ ፋብሪካ የድሮ መዝገቡን ይዟል፤ ውስጡ ባለው ቁጥር ጠይቃችሁ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና ወደየት አገር እንደተላከ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ማኅተም ላስቲኩን ደግሞ አስለውጡ። ይህን የተማርኩት በመንገዳችን ነው። ከሮቢት ሙቀት ተነሥቼ አቀበቱን ወጥቼ ጣርማ በር ብርድ ውስጥ ስገባ የሰዓቴ መስተዋት ከውስጥ ጉም ለበሰ። ቆላ ሳለሁ የገባው እርጥብ አየር ደጋ ሲደርስ ውኃ ሆኖ ነበር። ሁለት ወር እንኳ እንዲህ ቢቆይ ውስጡ በዛገ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማስቀድመው ግን ወረቀት ነው። የአባታችሁ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ካለ ማን ገዛው፣ የት፣ በስንት ዓመት፣ በምን ሥራ ላይ ሳለ አሰረው የሚለውን እናታችሁ በሕይወት ሳለች ጠይቃችሁ ጻፉ። ያሰሩበትን ፎቶግራፍ አብራችሁ አኑሩ። አሁን እጄ ላይ ያለውን ክሮኖግራፍ የገዛሁት አዲስ አበባ ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነው። ብረት ነው፤ ውስጡ የሌማኒያ ሞተር አለ፤ ሰከንድ፣ ደቂቃና ሰዓት የሚቆጥሩ ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉት። የማን እንደነበር ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ያመጣው ሰውዬ ሳይመለስ ቀረ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። የሠላሳ አርባ ዓመት የእጅ ላብ ጀርባውን አልስልሶታል፤ የማን ላብ እንደሆነ ግን ከሰውዬው ጋር ሄዷል።

ታሪክ የሌለውን ሰዓት ታሪክ አበድረዋለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲያልቅ፣ ደብረ ሲና ላይ ልጆች ችቦ ሲያበሩ፣ ከቤት ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ። ሰዓቱን ቀደም ብዬ ሞልቼዋለሁ። ልክ ከምሽቱ 1:30 ሲሆን የላይኛውን መጫኛ እጫናለሁ፤ ቆጣሪው ይነሳል። እራት ይቀርባል፤ ሰው ይጫወታል፤ ችቦው ነዶ ያልቃል፤ ጉሙ ከጣርማ በር ይወርዳል። ሰዓት ቆጣሪው ሁለትን፣ ደቂቃ ቆጣሪው 15ን ሲያልፍ ሁሉንም ትቼ ወደ ጆሮዬ አስጠጋዋለሁ። 14፤ 15፤ 16። ከ16 በኋላ አንድ ምት ብቻ አሳልፌ በልቤ አበበን አስገባለሁ። እጄን ግን አልጫንም። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት፤ አራት። ፖፖቭ ይመጣል። ያኔ አቆመዋለሁ።